ታርሞ ይቅረብ

ከዚራ ነው ሥራዬ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ፤
መኪናዬም እዚያው፣ ላስቲክ ተጠቅልላ።
ብሶት በገጽ ስንት፣ ታውቃለች አስልታ፣
የአንድን ሰው ዕንባ፣ በካርቦን አባዝታ።

ኢፍቱ ሙሜ መጣች፣ ከደንገጎ ሥር፣
ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ፣ የሲባጎ እስር።
«አቦ ጻፍልኝ» አለች፣ ሳትቀመጥ ገና፤
«ግድግዳዬ ታሟል፣ ቀለም ወጥቶታልና።»

ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ የከተማው መጥቶ፣
«ይፈርሳል» ብሎ ሄደ፣ በቀይ ኤክስ ሞልቶ።
ዓርብ የክልሉ ሰው፣ ሰማያዊ ቀብቶ፣
«ማን ነክቶት ያየናል!» ብሎ ሄደ ዝቶ።

ግብር? ለሁለቱም።
ደረሰኝ? የሁለቱም፣ በየማኅተሙ።
ድንበሩ በአልጋዋና በምድጃዋ መሐል ነው
ይላሉ ካርታ አዋቂዎች። ካርታውን ግን ያየው
የለም። የምታውቀው ፍየሏ፣ ስትሻገር ማታ፣
ካንዱ ሕግ በልታ፣ ካንዱ ሕግ ጠጥታ።

የፌዴራሉ ዳኛ፣ መነጽር አውልቀው፣
«ሥልጣን የለኝም» አሉ፣ መዝገቡን ዘግተው።
ዳገቱን ወጣችው። የክልሉም ዳኛ፣
መነጽር አጥልቀው፣
«ሥልጣን የለኝም» አሉ፣ መዝገቡን ዘግተው።

ሳቀች ስትነግረኝ። ጥርሷን አየሁት ያኔ።
«ሥልጣን የለኝም የሚል ሹም፣ አንድም አላየሁ እኔ፤
ዘንድሮ ሁለት አገኘሁ! ሁሉም ከሌለውማ፣
ቀለም የሚቀባውን ማን ላከው ታዲያማ?»

ስምንት ወር ሆነው። ፍሬ ነገሩ ሳይነካ
ልጣጩ ሲላጥ ከረመ።
አንዱ ጠበቃ መክሯት ነበር፣
«ሰበር ሰሚ ሂጂ» ብሎ።
«ሰበሩማ ቤቴ ነው» አለችው፤
«ሰሚው ነው የጠፋኝ።»

እኔ አንድ ብልሃት ነበረችኝ፣ የጸሐፊ ብልሃት።
የፌዴራሉን ሕግ በሐመሩ ሐ፣
የክልሉን ህግ በሃሌታው ሀ
ለይቼ እጽፋለሁ። ገጽ ላይ ያምራል፤
ዳኛ ሲያነበው አይምታታበትም።

ጨርሼ አነበብኩላት። «ሕጉ ከህጉ ጋር ስለተጋጨ…»
አቋረጠችኝ። «ምኑ ከምኑ?»
«ሕጉ ከህጉ።»
«እኮ፣ ምኑ ከምኑ?»
«ሕጉ… ከህጉ።»
ፊደል አልቆጠረችም ኢፍቱ፤ በጆሮዋ ነው የምታነብ።
«አንድ ነገር ነው'ኮ አቦ! ራሱ ከራሱ ተጋጨ በልና ጨርሰው።»

ድሮ «በሕግ አምላክ!» ሲባል፣ እንኳን ሰው፣
ወራጅ ውኃ ይቆም ነበር አሉ።
ደቻቱን አላዩትም ያሉት ሰዎች።
ክረምት ነው የሚመጣው፣ ዓመቱን አሸዋ ሆኖ ቆይቶ፣
በማን ወረዳ ዘነበ፣ በማን ወረዳ ፈሰሰ፣
ጠይቆ አያውቅም።

«ከታች ላይ» አለች፣ «በሕግ አምላክ በልልኝ፤
አባቴ እንደዚያ ነበር የሚል፣ ሰው ሲገፋው።»

ጣቴ ተንጠለጠለ።
በሐመሩ ብጽፈው፣ ክልሉ ያኮርፋል፤
በሃሌታው ብጽፈው፣ ከተማው ያፈርሳል።
ጥግ ላይ አንድ ቁልፍ አለች፣ አቧራ የበላት፣
ብዙኃኑ ኀ፤ ማንም ለሕግ ያልጠራት።

እሷን መታሁ።
*በኅግ አምላክ።*

ከሰዓት፣ የከዚራ ቅጠል እንኳ በሙቀት ሲተኛ፣
ተመለሰች። ከወረቀቱ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ፦
«ፊደል ተሳስቷል። ታርሞ ይቅረብ።»

«ምን ይላል?»

ምን ልበላት?
«ብዙኃኑን አናውቅም ይላል» አልኳት።

ብዙም አልገረማት። ከደረሰኞቿ ጋር
በሲባጎው አሠረችው፣ ሁለት ጊዜ ቋጥራ።
የማረሚያ አልጠየቅኋትም፤ የባጃጁን ቆጠረች።
ባጃጁ እስከ ኬላው ነው፣ ታርጋው አያሻግረውም።
ከዚያ ወዲያ ያለውን
በእግሯ።