ጥቁር ፕላስተር

ከቢሽኬክ ታላስ ድረስ ሰው ሳመላልስ፣
መሪዋ በስተቀኝ የሆነ፣ ሽበት የጀመራት ግራጫ ፈረስ፣
ስድስት ክረምት ይዛኝ ዞረች።

መጋቢት ላይ አንድ ማለዳ፣ ካራ ባልታን ሳልፍ፣ በራች፤
ብርቱካንማ ጥርሳም ክብ፣ መሐሏ ቃለ አጋኖ፣
ከሥሯ የጃፓን ጽሑፍ፣ ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ሆኖ።

ቡሩልቻ ከኋላዬ የደረቀ እርጎ በጆንያ ይዛ ነበረች፤
አንገቷን አስግጋ «ምንድን ናት? ምን ትላለች?» አለች።
«ምንም» አልኳት።
ሦስት ፊደል ናት፤ አፍ አትሞላም።
ለሽቦ ከያዝኩት ጥቁር ፕላስተር ቆርጬ፣ ከጥፍር አይበልጥም፣
ዓይኗ ላይ ለጠፍኩባት።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በሌላ በር መጣ፦
ከአንድ ወደ ሁለት ስታልፍ፣ ደረጃ እንደሳተ ሰው ነጠር፤
ከሁለት ወደ ሦስት ደግሞ ታመነታ ጀመር፤
ያደረችበት አስፋልት ላይ ቀይ ጠብታ፣ እንደ ነስር።
እኔም ብርዱ ነው አልኩ፤ ነዳጁ ነው፤ የመንገዱ ጠጠር።

ቶ አሹ ዳገት ነው፤ ጥምዝምዝ፣ በረዶ የለበሰ፤
ዋሻው አፍ ሳንደርስ ጉልበቷ ፈሰሰ።
እረግጣለሁ፤ ሞተሩ ይጮኻል፤
ጎማው ግን የሰው ቤት ልጅ ይመስል ዝም ብሏል።
የሞተርን ቁጣ አብርዶ ለጎማ የሚነግር፣
ካምቢዮ የሚሉት ሽማግሌ ደከመው መናገር።
የተረሳ ድስት ሸተተ።
ቡሩልቻ መስኮት ከፈተች፤ ነገር አላበዛች፤
ከጆንያዋ አንድ ድብልብል ሰጠችኝ፣ ሌላውን መጠጠች።

የበግ መኪና ጎትቶ አወረደን።

የአናርኩል ጋራዥ፦ ዝገት የበላው ኮንቴይነር፤
ከመፍቻ በፊት አፍንጫዋ ነው ሥራ የሚጀምር።
ሜዳ ላይ አቁማ፣ ሞተር እንደተነሳ፣ መለኪያውን መዘዘች፤
በነጭ ጨርቅ ጠረገች፣ አሸተተች፣ ለእኔም አቀረበች።
ደም መስሎ የገባው ዘይት ሬንጅ መስሎ ወጣ፤
ከገንዳው ሥር፣ ማግኔቱ ላይ፣ የብረት ዱቄት ጭቃ፣
የማርሾቼ ጥርስ።
«ይኼ ዘይት ዕድሜው ስንት ነው?» አለች። እኔ ዝም።
«ስድሳ ሺህ ኪሎሜትር ሳይሞላ ይቀየር። ስትበራ ደግሞ ቁም፤
አቁመህ አብርዳት። የምትነግርህን ሸፍነህ ዳገት አይወጣም።»

ከዚያ ዳሽቦርዱን ስታይ ፕላስተሬን አገኘች።
አልሳቀች፣ አልተቆጣች። በጥፍሯ ላጠች፤
የማጣሪያው ጠርዝ ጣቷን ቆርጧት ነበርና፣ እሱ ላይ ጠቀለለች።

ሠላሳ ሁለት ሺህ ሶም፤
የልጄ ጫማና የእኔ ጥርስ ለከርሞ ይቆዩ።

አሁን የለችም። መብራቷ ስትጠፋ ጥፋቴ በራልኝ፤
ሌሊት መንገድ ላይ ቦታዋን እያየሁ ሾፌርነት ገባኝ።
የሙጫው ምልክት አለ፤ አራት ማዕዘን፤ አቧራ ይይዛል።
በግንቦት ቡሩልቻ ዳግም ተሳፍራ፣
«ይኼስ ምንድን ነው?» አለች በጣቷ ጠቁማ።
«ምንም» ልል አፌን ከፈትኩ፤
ቃሏ ከጉሮሮዬ ተነሥታ፣ ምላሴ ላይ ደርሳ፣
ማርሽ ሳይገባላት ቀረች።