ጸሐፊዋ

ኮርንዋል፣ ዝናቡ በማያባራበት፣
ሎዌና ትረጌር፣ በትንሽ ፖስታ ቤት፣
ማኅተም እየመታች አርባ ዓመት ኖረች፤
“ጸሐፊ!” ሲሏት፣ “አቤት!” እያለች።

ማታ ግን፣ በቴሌግራም ወረቀት ጀርባ፣
ከባንኮኒው ሥር ባሕር ስታስገባ፣
ዓሣ ነባሪ ስታነግሥ አነጋች፤
የማንቆርቆሪያ ክዳን፣ ዘውድ ብላ ጫነች።

ልጅ አልወለደችም። ልጅ አትወድም ይላሉ፣
ከፖም ዛፏ ሥር በመጥረጊያ ያባረረቻቸው ሁሉ።

እሷ ካለፈች ሠላሳ ክረምት ሆነ።
ዛሬም ለንጉሡ ደብዳቤ ይመጣል፤
በእርሳስ፣ ያለ ቴምብር፣ ፊደሉ ይንጋደዳል፦
“ጥርሴ ወለቀ። ያንተስ?”

ፖስተኛው ጆሪ፣ ጉልበቱ ላይ ጠባሳ፣
(ከዛፏ ሲዘል ነው፤ ቂሙን ግን ረሳ፤
ወይም አልረሳም)
ሲመሽ፣ በግራ እጁ፣ መልሱን ይጽፋል።
ከግርጌው ስም የለም፤
“ጸሐፊ” ይላል።