ናሙና ሰባት

ጦሳ ጭጋግ ለብሶ፣ ደሴም ሳትነቃ፣
በምድር ቤቱ መስኮት መብራቴ ፈንጥቃ፣
ሳህን እቆጥራለሁ፤
ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ግልጽ፣ መዳፍ የሚያካክሉ፣
ዓይን የማያየውን ተህዋስ የሚያበቅሉ።
እርሻዬ ይሄው ነው፤ በሬ የለው፣ ሞፈር፤
ዘሩ የሰው መግል፣ ፈልቶ የረጋ አፈር።

አልጋ አሥራ አራት ላይ ኡመልኸይር አለች፤
ልጁ ደህና ወጣ፤ እሷ ነች ያልዳነች።
ከሐርቡ አምጥተዋት፣ በቀዶ ነው የወለደች።
ስፌቷ ይመግላል።
አንዱን መርፌ ወጓት፣ ሌላውን ጨመሩ፣
ባሏ በሬ ሽጦ ውዱንም ሞከሩ።
እኔም ከቁስሏ ጫፍ በጥጥ ጠርጌ ወሰድሁ፣
ሳህን ላይ ዘራሁት፣ መድኃኒት አስቀመጥሁ፤
ማግስቱን ስከፍተው፦
እንደ ሐምሌ ሣር ነው፣ እንደ ዝናብ ማሳ፣
መድኃኒቱን ዘሎ፣ አልፎት ሲነሳ።
ስድስቱንም ያውቃል፤ አንዱን እንኳ አልረሳ።

ከሰኞ ገበያ ቅጠል ሰበሰብሁ፣
ግራዋውን ፈጨሁ፣ ዳማከሴ ዘፈዘፍሁ፣
በአልኮል አጠለልሁ፣ ወረቀት ነከርሁ።
ስድስት ናሙና። ስድስቱም ዝም አሉ።

ኩታበር ወጣሁ፣ አያ ሙሄ ዘንድ።
ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣
ጥያቄዬን ሰሙና፣ ዝም ብለው፣ ዝም ብለው፦
«ስሟን አልነግርሽም፤
ስሟ ከተጠራ ትሄዳለችና።
ቁጥር ስጫት አንቺ፤ የናንተ ነገር ቁጥር ነውና።
ብቻ ፀሐይ ሳይወጣ ነው፤ ሰው አታናግሪ፤
ጥላሽ ከነካትማ፣ ባዶ እጅሽን ዙሪ።»

ሳቅሁኝ በሆዴ። ጥላና ተህዋስ ምን አገናኛቸው?
ደብተሬ ላይ ግን ቃል በቃል ጻፍኋቸው።
አንዱን ጭብጥ ቆረጥሁ፣ ሌሊት በአሥራ አንድ፣
ሌላውን በስድስት፣ ፀሐይ አናት ሲያነድ፤
ከአንዲት ቁጥቋጦ፣ በአንድ ቢላዋ፣ በዚሁ እጄ።

ያን ሌት መብራት ጠፋ፣ ከሆጤ እስከ ቧንቧ ውሃ።
ማሞቂያው ሳጥን በረደ፤
ተህዋስም እንደ ጫጩት ነው፣ ሙቀት ካጣ አይፈለፈል።
ሳህኖቹን በፕላስተር አሽጌ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣
ጋቢ ተከናንቤ፣ ከሆዴ ላይ አቀፍኋቸው፣ እንደ ዶሮ።
ያችን ሴት የሚበላትን
በገላዬ ሳሞቅ ነጋ።

ክዳኑን ገለጥሁ። ማስመሪያ አነሳሁ።
የቀትሩ ቅጠል፣ ሰባት ሚሊሜትር፣ ያውም በጭንቅ ናት፤
የሌሊቱ ግን አሥራ አራት። ደግሜ ለካሁ። አሥራ አራት።
በዚያ ሁሉ ሣር መሃል፣ ጥርት ያለ ክብ፣
ዝናብ ሊመጣ ሲል ጨረቃን እንደሚከብ።
ጠረኗ ይሆናል ተህዋሱን የሚያርደው፣
ፀሐይ ሲነካው ተንኖ፣ ንፋስ የሚወስደው።
ጥላ ያሉት ሰዓት ነው፤
የእጅ ሰዓት ያላሰሩ በጥላ የጻፉት፣
ካባት ወደ ልጅ እጅ ሳይጎድል ያሳለፉት።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘለልሁ። ምን ልላት እንደሆን አላውቅም።
ሳህን ላይ ያለ ክብ መድኃኒት አይደለም፤
ጉበት አለ፣ ደም አለ፣ መጠን አለ፣ ዓመት አለ፣
አይጥ ሳይቀምሰው ለሰው የማይባል ብዙ ነገር አለ።
ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሮጥሁ።
አልጋ አሥራ አራት አንሶላው ተቀይሯል።
«ማታ ወሰዷት» አለች ነርሷ።
«እንዴት ሆና?»
«የሌሊቱ ተረኛ ነው የሚያውቀው። ሄዷል።»

ወደ ምድር ቤት ወረድሁ።
ሳህኑን አልጣልሁትም። በሦስተኛው ቀን፣
ከጠራው ክብ ውስጥ፣ ከጠርዙ ገባ ብሎ፣
አንዲት ነጥብ አየሁ፣ የመርፌ ጫፍ የምታክል፣ ነጭ።
በእርሳስ ከበብኋት፤ ቀኑን ጻፍሁ።
አያ ሙሄ ለኔ ያልነገሩኝን ስም
እሷ መማር ጀምራለች።