ጦም ያደረ ማሳ

ኮዬ ፈጬ ዳር ላይ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
በጋ ሲሆን አቧራ፣ ክረምት ሲሆን ጭቃ፣
እዚያ ነው አዳራሹ፣ ቆርቆሮ ለባሹ፣
ዝናብ የጣለ ቀን ስብከት ደምሳሹ።
ቁልፉ ከእኔ ጋ ነው፤ አራት ዓመት ሞላው፣
በቀይ ክር ታስሮ አንገቴን ሲበላው።

ሌሊት አስር ተኩል፣ ከጅቦቹ እኩል፣
እነሱ ሲገቡ እኔ ደጅ ስቸኩል፣
ማክሰኞ የእናቶች፣ ሐሙስ የወጣቱ፣
ዓርብ የአዳር ጸሎት፣ እሑድ ከጠዋቱ፤
በመሐል የታመመ፣ በመሐል የሞተ፣
ኪራይ የጨመረበት፣ ልጁ የሸፈተ፣
ሁሉም ስልኬን ያውቃል፤ ሁሉም ይደውላል፤
«እህት አስካለ፣ ያላንቺ ማን ይቆምልናል?»
እኔም፣ ልናዘዘው፣ ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል።

ብሎካችን ጣራ ላይ ሮቶ አለ፣ ጥቁር፣
ውኃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ዙር፤
ሁሉም ቀጂ ነው እንጂ ወጥቶ አያይም አንዱ፣
ምን እንደቀረበት ከበርሜሉ ሆዱ።
የነሐሴ ሰኞ ለት ቧንቧዬ ታነቀ፣
አየር ብቻ ተፋ፣ ደለል አፈለቀ፣
አቃሰተ።
ደንግጬ ቆምሁ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ።
ባለፈው ዓርብ ሌሊት ስጸልይ ሰምቼዋለሁ፤
ሕዝቡ «አሜን» ይላል፤ እኔ አየር እተፋለሁ።

የወይዘሮ ብዙነሽ ልጅ የተቀበረ ዕለትም
እናቲቱን አቅፌ፣ እንባ አልመጣልኝም።
በትከሻዋ ላይ አሻግሬ እያየሁ
የድንኳኑን ምሰሶ እቆጥራለሁ።
አሥራ አራት። ደግሜ ቆጠርሁ።

መስከረም፣ ቅዳሜ፤ መብራት ጠፍቶ አደረ፣
ስልኬም አብሮ ሞተ፤ ማንቂያው ሳይጮህ ቀረ።
ስነቃ ፀሐይዋ መጋረጃው ላይ ናት።
አንድ እግሬን በጫማ፣ አንዱን በሸበጥ ሮጥሁ።
ደጁ እንደተዘጋ ነው። ሰው የለም። ሣሩን ግን
ጉልበት አስተኝቶታል፤ ጤዛው ተረግጧል።

«መጥተው ነበር» አለኝ አባባ ጉርሜሳ፣
ሌሊቱን ዘበኛ፣ ቀኑን ባለማሳ።
«በሩን ሲያጡት ጊዜ፣ እዚሁ ሣሩ ላይ
ጸልየው ተነሡ ስትወጣ ፀሐይ።»
«ማንም አልጠየቀኝ?» አልሁት ቶሎ ብዬ፤
አፈርሁ ወዲያው ከነጥያቄዬ።
«አንዷ ጠይቃ ነበር። ‹ትተኛ› አሏት ሌሎቹ።»

ከጎናችን መሬቱ ባዶውን ተኝቷል፣
ጤፍ የለ፣ ሽምብራ የለ፤ አረሙ ለምልሟል።
«ዘንድሮ ምነው?» ስለው፣ «ጦም አድሯል» አለኝ።
«አራት ዓመት ሙሉ ሳላሳርፍ ዘራሁት፣
ገለባ ሰጠኝ። ተቆጥቼ አይደለም የተውሁት፤
ለከርሞ ነው።»

ጦም አድሯል። ቃሉን ከልጅነቴ ሰማሁት፣
መራብ ብቻ ነው ብዬ እስከ ዛሬ ያዝሁት።
እኔ ጦም ሳድር እከሳለሁ፤
መሬት ጦም ሲያድር ነው ስብ የሚይዘው።

ቁልፉን በመዳፌ ጨብጬ ደጁ ጋ ቆምሁ።
ደቀ መዛሙርቱ ፈርተው በዘጉት ቤት
ገብቶ «ሰላም» ያለ፣ ማንም ሳይከፍትለት፣
እርሱን ነው ለካስ እኔ፣ በዚያ ሁሉ ብርድ፣
ደጅ እንዳያድርብኝ ስሮጥ፣ ስንገዳገድ!
ሳቅሁ። እንባው የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው፤
ለብዙነሽ ልጅ ይሁን ለእኔ አልለየሁትም።

ቁልፉን ከነክሩ አጥሩ ሚስማር ላይ ሰቀልሁት፤
የፈለገ ይክፈት።

ዛሬም አስር ተኩል ሲል ዓይኔ ይገለጣል፣
እጄ በጨለማ አንገቴን ይዳብሳል፤
ባዶ ነው።
ጅቦቹ ይመለሳሉ። በሩቁ አንድ ሰው ከደጁ ይታገላል።
(ቁልፉ ያስቸግራል፤ ወደ ላይ ሳብ ማድረግ ነው፤
አልነገርኳቸውም።)
ከዚያ ቆርቆሮው ሲንቋቋ ይሰማኛል።
«አሜን» እላለሁ ትራሴ ውስጥ፣
ወደ ግድግዳው እዞራለሁ።