ግራ ነው ወይስ ቀኝ?

በዱሉት ሆስፒታል፣ ከምድር ቤቱ ውስጥ፣
ቬርና ለዘመናት መጽሐፉን ሳትገልጥ
ሕመምን በቁጥር በቃሏ ስትለውጥ፣
ስኳር ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ግፊት አራት መቶ አንድ፣
ጣቷ ያውቀው ነበር እንደ ሰፈር መንገድ።

ሐይቁ ሲጠቁር ገና፣ መኸር እንደገባ፣
ፊደል ከቁጥሩ ጋር፣ ሽማግሌ ሳይልክ፣ ተጋባ።
አዲሱ ኮድ ጨቅጫቃ፣ እንደ ፖሊስ ጠያቂ፦
«ግራ ነው ወይስ ቀኝ? የት ወድቆ? ምን ሲሠራ?»
«የዳክዬ ንክሻም ኮድ አለው!» አለ ብሬንት፣ ያ ሳቂ፤
ቬርናን ግን ከሁለቱም ጎን የገባት ግራ።

አመሻሽ ላይ አንድ ፋይል፦ አዛውንት፣ ዳሌው የተሰበረ።
ድሮ ስምንት መቶ ሃያ፣ በቃ፣ ያ ነበረ።
ባሏ ኦርቪንም በዚያው ቁጥር ነው ያለፈው፤
የት ወደቀ ብሎ ጠያቂ አልነበረው።

አሁን ማሽኑ ጠየቃት።
«ግራ» ብላ ጻፈች። «ደጃፍ ላይ።
በረዶ ሲዝቅ።
እኔ ተኝቼ» ለሚለው ግን ኮድ አጣች።

የአዛውንቱ ቀኝ ነበር፣ መታጠቢያ ቤት።
አጠፋችው።

ከኮዱ ጫፍ አንዲት ፊደል አለች፣ ሰባተኛ፣
ጉዳቱ ካለፈ በኋላ ለሚቀረው፣ ለማይተኛ።
ጣቷን አሳርፋባት ጥቂት ቆየች፤
ከዚያ የሚቀጥለውን ፋይል ከፈተች።