ኮከብ ቆጣሪው ጣቴ

አሞራ ገደል ላይ፣ ጎህ ሲቀድ ማለዳ፣
ጀልባዎች ሳይደርሱ፣ ቀድሞኝ አባ ኮዳ፣
ቢላዬን ስሞርድ ዓይኔ እጄ ላይ ቀረ፤
አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ አንጓዬን ቆጠረ።
ዘጠኝ።
ባለፈው ወር አምስት ብቻ ነበር።
ጫፉ ሻካራ ነው፣ የአበባ ጎመን ዳር፤
መሐሉ ነጠብጣብ፣ ጥቁር፣ የደቀቀ፣
ቁንዶ በርበሬ ይመስል ቆዳ ስር የወደቀ።

ልጅ ሆኜ፣ ቱላ ሳለን፣ ደጅ ላይ ተጋድሜ
ሰማዩን በሌባ ጣት ስቆጥር ደጋግሜ፣
አጎቴ ሃሜሶ ከበሩ ሲጣራ፦
"አንድ ኮከብ ለአንድ ኪንታሮት ነው፤ ፍራ!"
አልፈራሁም ያኔ። መቶን አለፍኩና
እንቅልፍ ወሰደኝ።
ይኸው ደረሰና
የሃያ ዓመት ዱቤ፣ ሒሳቡ ሲሰላ
ዘጠኙ ወጥቷል፤ መቶው ከዚህ በኋላ።

ያልሞከርኩት የለም። ከጋሪ ፈረስ ጭራ
ፀጉር እየነቀልኩ አሰርኳቸው በተራ።
የቁልቋል ወተቱም ላጠኝ እንጂ አልነቀለ፤
ምላጭ የያዝኩ ዕለት አንዱ ሁለት ሆኖ በቀለ።
ጎረቤቴ ቱንሲሳ፣ ቢላው እንደኔው የሳለ፣
"የባትሪ አሲድ ጠብ አድርግበት" አለ።
ያን እንኳ አልሞከርኩም።
ግን አንዲት ደንበኛ፣
ሁለት ኪሎ ፊሌቶ ሁሌ የምትገዛ ከእኛ፣
እጄን አየችና፣ ዓሣውን አየችው፤
"ያኛው ይበልትልኝ" ብላ ወደ እሱ ወሰደችው።
ቱንሲሳ አቀረቀረ።
እኔም አቀረቀርኩ።

መነኸሪያው ጀርባ መድኃኒት ቤት ገባሁ፤
ሰው እስኪወጣ ቆይቼ ባንኮኒውን ተጠጋሁ።
"ኪንታሮት…" አልኩኝ።
እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
"ይደማል?"
"አንዳንዴ፣ ቢላ ሲነካው።"
"ቢላ?!"
"ሥራዬ ነው።"
"ስትቀመጥስ ያምሃል?"
"ቁጭ ብዬ አላውቅ፤ ቆሜ ነው የምበልተው።"
ቅባቱን ከመደርደሪያ እንዳወረደች ቀረች፤
እጄን ስዘረጋላት ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ሳቀች።

ለዝናብ ስንት ስም አለን፦ ካፊያ፣ ዶፍ፣ እንጥብጣቢ፤
ለሁለቱ ሕመም ሲሆን፣ ሰው ስም ቆጣቢ።

"የቆዳ ሐኪም አለች፣ ሐሙስ፣ ፎቁ ላይ" አለችኝ።
የሦስት ቀን ዓሣዬ ለካርዱና ለሕክምናው አለቀ።
ዶክተር ፍሬሰላም እጄን ስትይዘው
ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ፊቷን አላዞረችው።
በማጉያ መስታወት አየችው፣ ቀርባ፣ ዝም ብላ፣
ከዚያ፦
"ጥቁሩ ሥር አይደለም፤ የረጋ ደም ነው፣ ቅንጣት።
ቫይረስ ነው። በር ይሻል። ውሃ ያራሰው ጣት፣
የዓሣ እሾህ የጫረው፣ ለእሱ ክፍት ቤት ነው።"
"ኮከቡስ?" አልኳት፣ ከአፌ አምልጦኝ።
ሳትስቅ፣ እንደ ዳኛ፦
"ኮከቦቹ ነፃ ናቸው።"

ከብረት ጠርሙሱ ነጭ ጉም ወጣ፤ በጥጥ ነካችኝ፤
ሐዋሳ ላይ የማላውቀው ብርድ አቃጠለኝ።
"በአንዴ አይጠፋም፤ በየሦስት ሳምንቱ ና።
አትቁረጠው፤ ጓንት አጥልቅ። ይዘገይ ይሆናልና
ታገሥ።"
ማታውን ሁሉም ውሃ ቋጠሩ።
እጄን ከብርድ ልብሱ ውጭ አድርጌ አደርኩ፣ የሰው እንደሆነ ሁሉ።

ሦስቴ ተመላለስኩ። ሰባቱ ረገፉ።
ሁለቱ እልኸኞች አውራ ጣት ላይ አረፉ።

ዛሬም ጎህ ሲቀድ፣ አባ ኮዳው ቀድሞን፣
ቱንሲሳ ቢላውን አስቀመጠ፤
ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ።
ብዙ ቆየ እዚያው።
አልጠየቅሁትም።
ጀልባዋ ስትጠጋ፣ ሐይቁን ሐይቁን እያየ፦
"ሐሙስ ነው ያልከኝ?" አለ።