ሁለት ስንዝር ክር

ከፒያሳ በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ፣
የአጣናው ሱቅ አለ፣ ሲያልፉት የማይታይ፤
ወርዱ ሁለት ክንድ ነው፣ በሩ የተሰነጠቀ፣
ግድግዳው በሬዲዮ ሬሳ የደመቀ።
ሐሙስ ሐሙስ ማታ እንሰበሰባለን፤
ማኅበር እንዳይባል ጠላም ጻድቅም የለን፣
«ማን ምን አዲስ ሰማ?» እንባባላለን።

የውብዳር፣ ነርሷ፣ ተራዋ ሳይደርስ ትመጣለች፣
ከአስታማሚ አፍ የለቀመችውን በስልኳ ታሰማለች፤
«የጭልጋ ሴት ናት፤ ልጇ ትኩሳት ላይ ሳለ ያንጎራጎረች፤
ዝም በሉና ስሙ፣ እዚች ጋ ድምጿን እንዴት እንደዋጠች።»

ጋሽ ተገኘ ደግሞ፣ የጂኦግራፊው መምህር፣
ዘፈን የሚለካው በወንዝ ነው፣ በድንበር፤
«ይህ ምት ከተከዜ ወዲህ አይሻገርም» ብሎ ይምላል፣
በሌላው ሐሙስ ራሱ ያሻግረዋል።
ሲሸነፍ ባርኔጣውን አንስቶ ይወጣል፤
ደጅ ላይ ትንሽ ቆሞ፣ ሳል ሳል ብሎ ይመለሳል።

ናሆም ልጃችን ነው፤ ጆሮው ላይ ሁልጊዜ ገመድ፤
«ባሱ ያንሳል» ከማለት ሌላ ነገር አይለምድ።
ግን አንድ ሐሙስ ከማናውቀው አገር፣ በማናውቀው ቋንቋ፣
አንድ ሽማግሌ ሲዘፍን አሰማን፤
አጣናው የያዘውን ብየዳ ረሳ፣ ጣቱን እስኪያቃጥለው።
ቃሉ አልገባንም። «ምን አለ?» ያለም የለም።

እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ።
ያገኘነውን ሁሉ በተሳፋሪ እሞክራለሁ፤
መውረጃው ደርሶ ዝም ካለ፣
«ጥሩ ነው» ብዬ እመሰክራለሁ።

በጥቅምት አጣናው ከቅዳሜ ገበያ፣ ከአሮጌ ዕቃ መሐል፣
ካሴት ይዞ መጣ፤ ስም የለው፣ ዓመት የለው፣
ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ «አይሰጥም» ብቻ የሚለው።

ማሲንቆ ነው። አንድ ወንድ። አሸዋ የነካው ድምፅ።
«የቡርቧክስ ሰው ነው!» «ምኑ? ደንቢያን አታውቅም?»
«ባቲ ነው!» «አንቺሆዬ! ጆሮህን አስጠርግ!»
«ክሩ ላልቶ እንጂ ቅኝቱስ ትዝታ ነው!»
በዚህ ጭቅጭቅ መሐል ሰውዬው እንዲህ አለ፦

«አንገረብ ሞላ አሉኝ፣ መሻገሪያም የለው፣»

ቴፑ ክሩን ጎረሰ።

አጣናው ትንፋሹን ይዞ ጎትቶ አወጣ፤
የተጨማደደውን ቆረጠ፤ ሁለት ስንዝር።
ጫፍና ጫፉን በየውብዳር የጥፍር ቀለም አጣበቀ።
አሁን «የለው» ካለ በኋላ ዘፈኑ ይዘልና
የማናውቃቸው ሰዎች ሳቅ ላይ ያርፋል፤
አንዲት ሴት «አንተ!» ትላለች፤ ብርጭቆ ይሰበራል።

የጠፋውን እኛ እንሙላው አልን።
የውብዳር፦ «በሄድሽበት ዕለት ምነው የጎደለው?»
ጋሽ ተገኘ፦ «ምንጩን ለሚያውቅ ሰው፣ ሙላቱ ምን ሊለው።»
እኔም ሞከርኩ፤ ባጃጅ አስገባሁበት፤ ተሰደብኩ።
ናሆም ገመዱን ከጆሮው አወጣ፤
«ያምራል» አለ፤ «ግን በዚህ ማን ይስቃል?»

እውነቱን ነው። እኛ ሐዘን ስንፈትል ያመሸንበትን፣
እነዚያ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁበት።
እስከ ጥር የሚያስቅ ስንኝ ፈለግን፣ በየራሳችን፤
ጥምቀት መጣ፣ ከተማው ሙሉ ዘፈነ፣
አንዲት መስመር ጠፋችብን።

ትናንት ከቀሃ ኢየሱስ አንዲት ባልቴት ጫንኩ፤
ናሆም ካሴቱን በስልኬ ቀድቶልኝ ነበር፣ ከፈትኩት።
«አንገረብ ሞላ አሉኝ፣ መሻገሪያም የለው፣»
ሳቁ ከመምጣቱ በፊት
እሷ ሳቀች።
ባጃጄን ዳር እስካስይዝ፣ አንገቴን እስካዞር፣
ሳንቲሟን መቀመጫው ላይ ትታ
ሳሙና በር ሰው መሐል ገባች።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ነገርኳቸው።
«ውሸታም» የሚለኝ ጠበቅኩ፤ ማንም አላለም።
ጋሽ ተገኘ ባርኔጣውን አነሳ፤ ወጣ፤
ደጅ ላይ አልቆመም።